በአንድ ኮምፒዩተር የተሰጡ አስራ አንድ ድምፆች

«እነዚህ አስራ አንድ ሰዎች እነማን ናቸው?»

ሎርና ቩኮቪች ይህን ጥያቄ ስትሰማ መልሱን እዚያ ክፍል ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ በላይ ታውቅ ነበር። ግን መመለስ አልቻለችም። የተጠየቀችውም እሷ ሳትሆን ልጇ ቴሳ ናት። እሷ የቴሳን ሥዕሎች የያዘውን ካርቶን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

ጠያቂው ዋረን ሂግቢ ነው። ስልሳውን ያለፈ፣ ከቀበቶው ኋላ የቀበሮ ጭራ የሚያንጠለጥል ሰው ነው። እንስሳን እንደ ሰው አልብሰውና አናግረው ለሚስሉና ለሚጽፉ ሰዎች በየዓመቱ የሚሰጠውን የመዳፍ ሽልማት ሃያ ሁለት ዓመት በሊቀመንበርነት መርቷል። ሽልማቱ ከሸክላ የተሠራች የእንስሳ መዳፍ ናት፤ ገንዘብ የላትም። ዳኛም የላትም፤ አንባቢው ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ነው የሚመርጠው። ስለዚህ ራሳቸውም እንደ እንስሳ ለብሰው በየዓመቱ ፒትስበርግ በሚሰበሰቡት በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ድምፅ ያጭበረበረ ሰው ቀና ብሎ አይሄድም።

«አላውቃቸውም፣ ዋረን» አለች ቴሳ።

«አታውቂያቸውም? ላንብብልሻ።» ወረቀቱን ከአፍንጫው አራቀው። «ዳክዬው ዳኛ። እመት ጉጉት። አንካሳው ድብ። ካልሲ ሰብሳቢዋ አይጥ። ልቀጥል? ሁሉም ካንቺው መጽሐፍ የወጡ ናቸው! አስራ አንዱም በአንድ ኮምፒዩተር፣ በአንድ ቀን፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ አስራ አንዱም ‹እሾህና ሳሙና›ን መረጡ። ስም ስትፈጥሪ እንኳ ትንሽ ብትደክሚ ምን ነበረበት?»

«ዋረን፣ በቃ» አለች ድምፅ ቆጣሪዋ ኢመጀን። የጥንቸል ጆሮ ያለው ቆብ አድርጋለች። «ልጅቷን ከመስደብህ በፊት ትናገር እንጂ።»

«ትናገር! ማን ከለከላት? በስድስት ድምፅ ነው ያሸነፈችው። አስራ አንዱን ሳወጣ ተሸንፋለች።» ወደ ቴሳ ዞረ። «አስር ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ፊት አነባዋለሁ። መጽሐፉ ተሰርዟል፤ አንቺም ሦስት ዓመት አትወዳደሪም። እስከዚያ የምትይው ካለሽ እዚሁ ነኝ።»

ሎርና ካርቶኑን ይዛ ቴሳን ተከትላ ወጣች።

ሎርና እስከ አርባ ስምንት ዓመቷ ማንበብ አትችልም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የሆቴል አንሶላ አጥባለች፤ ብቻዋን ልጅ አሳድጋለች፤ የሚቀርብላትን ወረቀት ሁሉ «መነጽሬን ረሳሁ» በሚል አንድ ቃል አልፋዋለች። ቴሳ ከትምህርት ቤት ወረቀት ስታመጣ «አንቺው አንብቢልኝ፣ ድምፅሽን ልስማው» ትላት ነበር። ልጅቷም እናቴ ወረቀት አትወድም ብላ አደገች።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ መልስ የከተማቸው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ መማር ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። እዚያ አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ፊደል አይደለም። እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ «እዚህ ያየሁትን ሰው ውጭ ሳገኘው እዚህ አላየሁትም» ይላል። ሚስቱ የማታውቅበት አለ። ምዕመኑ የማያውቅበት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አለ። ስማቸውን እኛም እዚህ አንጠራም።

የቴሳ መጽሐፍ ስለ አንዲት ልብስ አጣቢ ጃርት ነው። እሾኋ አንሶላውን ይበሳባታል፤ እሷ ደግሞ የበሳችውን ሁሉ ማንም ሳያይ ቤቷ ወስዳ ትሰፋለች። ሎርና መጽሐፉን አንድ ወር ሙሉ በጣቷ እየተከተለች ጨረሰችው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ እጇን አፏ ላይ ጭና ቁጭ አለች። ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ ይዛው ሄደች፤ መምህርቷም ቤተ መጻሕፍቱን ለምና ለሁሉም የሚዳረስ ቅጂ አስመጣች። አስር ሳምንት አነበቡት። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ዳክዬው ዳኛ የሚፈርድበት ቦታ ሲደርስ ሳቁ አፍኖት ውሃ አጠጡት። በስልሳ አንድ ዓመቱ ከወረቀት ላይ ባነበበው ነገር ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

የድምፅ መስጫው ጊዜ ሲደርስ ተራ ይዘው ክፍሉ ውስጥ በምትሠራው አንዲት ኮምፒዩተር ቅጹን ሞሉ፤ በአንድ ጣት፣ ለአንድ ሰው አስር ደቂቃ። ቅጹ «በምን ስም ይታወቃሉ?» ይላል። ሎርና ከቴሳ ጋር ሦስት ጊዜ ጉባኤው ላይ ስለነበረች ነገሩን የምታውቅ መስሏት አስረዳቻቸው።

«እነዚያ ሰዎች ዘንድ እናት ባወጣችው ስም የሚጠራ የለም። ሁሉም እንስሳ ነው። አንድ አንድ ምረጡ።»

«እኔ ዳክዬው ዳኛ» አለ ሹፌሩ ወዲያው።

«አካሄድህስ ቢሆን!» አለችው እመት ጉጉት የሆነችው ሴትዮ።

ስሙን መጻፍ የፈለገ ሰው ስላልነበረ ሁሉም ደስ አለው። ሌላ የእንስሳ ስም የሚያውቁበት መጽሐፍም አልነበራቸውም።

ከዋረን ክፍል ውጭ ኮሪደሩ ጭራና ክንፍ ባለው ሰው ተሞልቷል። ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ የሰማያዊ ተኩላ ልብስ የለበሰ ሰው ቴሳን ሊያቅፍ እጁን ዘረጋ፤ ፊቷን ሲያይ መልሶ ሰበሰበው። ቴሳ እናቷን ወደ መስኮቱ ጎተተቻት።

«አንቺ ነሽ?»

«ምኑ?»

«እማ! ስታፍሪ አውቅሻለሁ፤ አንገትሽ ይቀላል። ለሥራ ጓደኞችሽ ተናግረሽ ነው? ስም ሰጥተሽ ነው ያስሞላሻቸው?»

«ሁሉም አንብበውታል» አለች ሎርና። «አንዱም ሳይቀር።»

«እነማን?»

«ልነግርሽ አልችልም።»

«አትችይም?» ቴሳ ሳቀች፤ መጥፎ ሳቅ ነበር። «እዚህ ከአስራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ ነው የምመጣው። ሌላ ቦታ ጓደኛ የለኝም። ዛሬ ሌባ ተብዬ ልወጣ ነው፣ አንቺ ‹አልችልም› ትይኛለሽ! ደግሞ አንብበውታል ትላለች። አንቺ ራስሽ አንዱንም መጽሐፌን አንብበሽ አታውቂም! ሽፋኑን ታይና ‹ቆንጆ ነው› ትያለሽ። በቃ። ሽፋኑን!»

ሎርና ካርቶኑን ልጇ እጅ ላይ አስቀመጠችና ዋረን ወዳለበት ክፍል ተመለሰች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተናድዳ አታውቅም።

«ሰዎቹ በየግላቸው አንብበው ነው የመረጡት» አለችው ቆማ።

«ጥሩ። እውነተኛ ስማቸውንና ስልካቸውን ያምጡልኝ፤ አንድ በአንድ ደውዬ እጠይቃቸዋለሁ።»

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«ቃል አለብኝ።»

ዋረን መነጽሩን አወለቀ። ፊቱ ላይ ርኅራኄ ነገር ታየ፤ ሎርናን ከስድቡ ይልቅ ያቃጠላት ይኸው ነው። «ወይዘሮ ቩኮቪች፣ እናት ነዎት፤ ይገባኛል። የኔም እናት ብትኖር ታደርገው ነበር። ለልጅዎ ብለው...»

«እርስዎን ሰው ምን ብሎ ነው የሚጠራዎት?»

«ይቅርታ?»

«ደረትዎ ላይ ያለው ካርድ ‹አመዴ ቀበሮ› ነው የሚለው። ስሙን የደበቀ ሰው አጭበርባሪ ከሆነ፣ ያ አዳራሽ በሙሉ የሌባ ዋሻ ነው። መጀመሪያ የራስዎን ጭራ ያውልቁ።»

«እዚህ ሁላችንም እንተዋወቃለን» አለ ዋረን፤ ፊቱ ጠቆረ። «የእርስዎን ሰዎች ግን የሚያውቅ የለም።»

አስር ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ይኖራል። ቴሳ ከፊት በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ሎርና አጠገቧ ተቀመጠች። ዋረን የሥዕሉን፣ የመጽሔቱን፣ የአጭር ልብ ወለዱን ሽልማት ሰጠ። ከዚያ ወረቀት ቀየረ።

«አሁን የማነበው ደስ የሚል አይደለም። ‹እሾህና ሳሙና› የተባለው መጽሐፍ በሐሰተኛ መራጮች...»

«ውሸት ነው!»

ሎርና ድምፁ ከራሷ መውጣቱን ያወቀችው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር ነው። ቆማለች።

«ሐሰተኛ የለም። ካልሲ ሰብሳቢዋ አይጥ እኔ ነኝ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

«ሳቁ! እስከ አርባ ስምንት ዓመቴ ማንበብ አልችልም ነበር። ይህችን ልጅ ሳሳድግ ስሟን መጻፍ አልችልም ነበር። እሷም እስካሁን አታውቅም፤ እንደናንተ አሁን እየሰማች ነው።» ወደ ቴሳ አላየችም። ብታይ መቀጠል እንደማትችል ታውቃለች። «አብረውኝ የሚማሩ አስር ሰዎች አሉ። ስማቸውን ብትገድሉኝም አልናገርም። ይሄን መጽሐፍ አስር ሳምንት፣ ቃል በቃል በጣታቸው እየተከተሉ ነው የጨረሱት። ከናንተ ውስጥ የመረጠውን መጽሐፍ እንደዚያ አድርጎ ያነበበ ማነው? እጁን ያውጣ! ኮምፒዩተሩ አንድ የሆነው ያለን አንድ ስለሆነ ነው። ስሙን ከመጽሐፉ የወሰዱት ሌላ መጽሐፍ ስለማያውቁ ነው። አንብበው የጨረሱት የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ነው!»

ከኋላ አንድ ድምፅ «እንግዲያው ታንብብልን!» አለ። ሌላው ተቀበለው። መጽሐፉ ከእጅ እጅ ተላልፎ ሎርና ጋ ደረሰ።

ዋረን ማይክሮፎኑን ጠጋ አደረገ። «ጥሩ ሐሳብ ነው። ፈቃድዎ ከሆነ አንድ ገጽ፣ የፈለጉትን። እርስዎ ካነበቡ ስለ ሌሎቹም እናስብበታለን።»

ሎርና መጽሐፉን ያዘች። ገጽ አርባን በቃሏ ልትወጣው ምንም አይቀራትም። ቴሳ ቀስ ብላ «እማ፣ አንብቢላቸው» አለቻት። ሎርና ግን በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ቅጽ ሲገፉላት፣ «እዚህ ጋ ያንብቡና ይፈርሙ» ሲሏት የኖረችበት ዘመን ሁሉ ትዝ አላት።

«አላነብም» አለች።

«ለምን? ከቻሉ...»

«እዚህ በር ላይ ማንን አስነብባችሁ ነው ያስገባችሁት? ያ ተኩላ አንብቦ ነው የገባው? እርስዎ ሲመረጡ ገጽ ስንት አነበቡ? ድምፅ ለመስጠት የተፈተነ ሰው እዚህ ካለ እኔም እፈተናለሁ። ከሌለ አልፈተንም።» መጽሐፉን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

ዋረን አፉን ጠረገና «እንግዲያው ውሳኔው ይጸናል» አለ።

ኢመጀን ከመድረኩ ጠረጴዛ ተነሳች። የቆጠራውን ወረቀት ዋረን ፊት አስቀምጣ፣ ቆቧን አውልቃ በመካከለኛው መተላለፊያ ወጣች። እሷን ተከትለው አርባ የሚሆኑ ሰዎች ወጡ። ሌሎቹ ተቀመጡ፤ የተኩላ ታሪክ የጻፈው ሁለተኛ የወጣ ሰው ወደ መድረኩ ወጥቶ የሸክላዋን መዳፍ ሲቀበልም አጨበጨቡለት።

ሎርና ካርቶኑን አነሳች። «እንሂድ።»

ቴሳ እጇን ይዛ ጎተተቻት። ዓይኗ ቀልቷል። «ተቀመጪ።»

«ምን ልሠራ?»

«ይሄ የኔ ቦታ ነው። ሰውዬው ደስ እንዲለው አልወጣም።» ትንሽ ቆይታ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«አሁን አታናግሪኝ። ተናድጃለሁ።»

«በኔ?»

«በሱ። በራሴ። ባንቺም ትንሽ። ‹ሽፋኑን› ብለሽኛል።»

ቴሳ ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ አደረገች። ሎርና ትከሻዋን አላነሳችም፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ምድር ቤት ውስጥ፣ አዳራሹ ላይ የተናገረችውን ሁሉ አንድም ሳትደብቅ ለክፍሉ ነገረቻቸው። ሹፌሩ ቆቡን ከጠረጴዛው አነሳ።

«ስሜን ጠራሽ?»

«አልጠራሁም።»

«ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሎርና። አንቺ ማክሰኞ የት እንደምትሄጂ ሰው ካወቀ፣ ማክሰኞ ካንቺ ጋር የሚወጣውንም ያያል።»

«ሌባ ሲሉህ ዝም ልበል?»

«እኔን ማንም ሌባ አላለኝም። ዳክዬውን ነው ያሉት» አለ። ቆቡን አድርጎ ወጣ።

አልተመለሰም። በሳምንቱ እመት ጉጉትም ቀረች። ስምንቱ እስካሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ፤ ሎርናም ትመጣለች። ኢመጀን ከኮሚቴው ወጥታለች። ዋረን ሂግቢ አሁንም ሊቀመንበር ነው።