ጀርባው ልሙጥ ብር

ሳህሉ ያንን አንድ ብር ያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆርኪ ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸ ቆርኪ ሲለቅም ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ሲታተም የተበላሸ ሳንቲም ይለቅም ጀመር። ልዩነቱ፣ የያኔውን ይጥለው ነበር፤ የአሁኑን ግን ቢያገኝ ሊስመው ተዘጋጅቷል። ሱሉልታ ከሚስቱ ጋር በተከራዩት ቤት፣ ከምሳ በኋላ ዝርዝር ሳንቲሙን ትሪ ላይ ዘርግፎ በማጉያ መነጽር ሲያገላብጥ ስድስት ዓመት አለፈ። የዓይን ሞራ ሸፍኖት ማጉያውም አልረዳው ባለበት ሰሞን፣ አንድ ሳንቲም አውራ ጣቱ ላይ አዳለጠው። በአንድ በኩል አንበሳው አለ፤ ሚዛኑ መኖር በነበረበት በኩል ግን ምንም የለም፣ ልሙጥ ነው። ሚስቱ ያለምወርቅ አይታ አረጋገጠችለት። ፒያሳ ያለ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ስምንት ሺህ ብር ቢሰጠው፣ "በዓይኔ ሳላየውማ አልሸጠውም" ብሎ ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጠው።

የቤቱ ልማድ፣ ታይተው ያለቁት ሳንቲሞች ለሚካኤል ምጽዋት ይውላሉ። የሳህሉ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ከሚካኤል ማግስት ዋለ፤ እሱም በዋዜማው ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ያለምወርቅም ለዓይኑ ተስላ ስለነበር ትሪው ላይ ያለውን በሙሉ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ለተቀመጡት ሁሉ አንዳንድ እያለች አደለች፤ ልቧም ቀለላት። ቤት ስትመለስ ክብሪት ቀፎው አፉን ከፍቶ ባዶውን ጠበቃት። ባሏ ከመሄዱ በፊት ሊሰናበተው አውጥቶ ሲዳስሰው ቆይቶ፣ መልሶ የከተተው መስሎት ትሪው ላይ ጥሎታል። ወደ ቢላዋ ለሚሄድ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አይነገርም ብላ ዋጠችው።

ሁለቱንም ዓይኖቹን በየተራ ስለሚሠሩለት ሳህሉ አዲስ አበባ እህቱ ቤት ሦስት ሳምንት ሰነበተ። በየቀኑ ይደውላል።

"እሱ ነገር ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"ስመለስ መጀመሪያ አንቺን አያለሁ፣ ከዚያ እሱን። ከዚያ ወዲያ ቢጠፋም ግድ የለኝም" ይላታል። እሷም ስልኩን ዘግታ እጇን ትነክሳለች። አርባ ዓመት አብራው ስትኖር ዋሽታው አታውቅም።

ሳንቲም ግን ሱሉልታ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ጠጅቱ የምትባል ሴት ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ዣንጥላ ዘርግታ ዝርዝር ትሸጣለች፤ አሥር ብር ተቀብላ ዘጠኝ ባለአንድ ብር ሳንቲም ትሰጣለች። መጽዋቹ ከእሷ ይገዛል፣ ለተመጽዋቹ ይሰጣል፣ ተመጽዋቹም ሲመሽ መልሶ ለጠጅቱ በወረቀት ብር ይለውጣል። ያ ልሙጥ ብር ከዚህ ዙሪያ ሊወጣ አይችልም ብላ ያለምወርቅ ጠዋት ጠዋት መቶ ብር ይዛ መሄድ ጀመረች።

"እትዬ ያለምወርቅ፣ አካም ቡልተኒ?" ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት ጠጅቱ በአምስተኛው ቀን። "ይሄን ሁሉ ዝርዝር ምን ያደርጉታል?"

"ለነፍሴ ነው።"

"ኧረ ለኛም ይጸልዩልን!"

ያየችውን ዝርዝር በማግስቱ ትመጸውተዋለች፤ ከጠጅቱ ትገዛዋለች፤ እንደገና ታየዋለች። ወሬው ተዛመተና በሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው በዛ። አንድ ቄስ በጉባኤ መሀል በጽድቋ አመሰገኗት፤ እሷም መሬት ብትውጣት በወደደች።

ሱሉልታ ላይ በዚያ ሰሞን ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይነሳም ነበር። ያለምወርቅ መስኮቱ ስር በሳህሉ ወንበር ተቀምጣ ማጉያውን ዓይኗ ላይ ስታደርግ ከውጭ ያለው ዓለም ይጠፋል፤ የሚቀረው አንበሳ ብቻ ነው። ጠርዙ የተቧጨረው አራት ጊዜ ተመለሰ፤ እንደ ጎረቤት ሰላም አለችው። ጎፈሩ የፈዘዘውን የማን እጅ እንዲህ እንዳሻሸው ታስባለች። በእንቅልፏ ሳንቲሞቹ በጭጋጉ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄዱ ታያለች፤ የትኛውም እጅ ባለቤት የለውም። ስትነቃ የምታዝነው ብሩን ስላላገኘች ይሁን ሕልሙ ስላለቀ ግራ ይገባታል። ወጡ ያርርባት ጀመር፤ በዚህ ነገር ስንት ዓመት ሳህሉን ስትጨቀጭቀው እንደኖረች ትዝ ሲላት አፈረች።

ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ አንበሳ እጇ ላይ ቀረ። ጆሮው ሁለት ነው፣ አንዱ ከሌላው በስተጀርባ፤ ጎፈሩም ተደራርቧል፣ ማተሚያው ሁለት ጊዜ የመታው ነው። ጀርባውን ገለበጠችው። ሚዛኑ በቦታው አለ። የሳህሉ አይደለም። ቢሆንም ደስታው አላስቀመጣትም፤ ተነስታ ጓዳና ሳሎን ተመላለሰች።

ሳህሉ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሚኒባስ ወርዶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ፊቷን ረጅም ጊዜ አየው።

"ሸብተሻል" አላት።

"አንተስ?"

"እኔንስ መስታወት ነግሮኛል። በይ እሱን ስጪኝ።"

ክብሪት ቀፎውን ሰጠችው። ከልማዱ የተነሳ ዓይኑ ሳይደርስ አውራ ጣቱ ቀደመ፣ ቆመም።

"ይሄ የኔ አይደለም።"

"አይደለም፤ የኔ ነው" አለችና ሁሉንም ነገረችው፤ ትሪውን፣ ስለቱን፣ ውሸቱን።

ሳህሉ ወጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። ጭጋጉ ከእንጦጦ ጀርባ ላይ እየተገፈፈ ነበር፤ እሱም ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየውን ተራራ ያያል። ያለምወርቅ ከውስጥ ሆና ጀርባውን እያየች፣ ፊቱን ሳይመልስ የቀረ እንደሆነ ምን እንደምትሆን አሰበች።

"ለዓይኔ ብለሽ ነው የሰጠሽው?" አላት እዚያው እንደቆመ።

"ዝርዝሩን ለዓይንህ ብዬ ነው። እሱ መኖሩን ባውቅ ግን አልሰጠውም ነበር።"

ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች፤ ሐኪሙ ማልቀስ ከልክሎታል። እየሳቀ ነበር። ገብቶ ማጉያውን አነሳና ሁለት ጆሮ ያለውን አንበሳ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጎ አየው።

"ይሄን በስንት ቀን አገኘሽው?"

"በአሥራ ስምንት።"

"እኔ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል" አለ፤ ድምፁ ላይ ቅናት ነበረበት። "የዛሬው ዝርዝር የት አለ?"

ትሪውን አመጣችና ከተለመደው ቦታዋ፣ ከግድግዳው በኩል ልትቀመጥ ስትል ሳህሉ ቀድሟት ተቀመጠበት። ማጉያውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረገላትና በመስኮቱ ስር ያለውን የራሱን ወንበር በአገጩ አሳያት።