የእንክብሏ መሪ

«በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ቀን እንኳ ገፍቼያት አላውቅም» አለ ባልየው፣ ለእንግዳዋ የቀረበውን ብስኩት እያላመጠ።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ በሚቀጥለው ክፍል የስፌት መኪናዋን አቆመች። እስከ ሐሙስ የምታስረክበው ስድሳ የተማሪ ሸሚዝ ኮሌታ ፊቷ ተከምሯል። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የባሏ ጀርባና የሬዲዮ ጋዜጠኛዋ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው መቅረጫ ይታያታል። የሰማችው ነገር ውሸት አልነበረም። እውነትም እሱ ገፍቷት አያውቅም። የምትገፋው እሷ ነበረች።

የድሮዋ የቤት መኪናቸው ትንሽ፣ ነጭና ድብልብል ስለነበረች የሰፈሩ ልጆች «እንክብሏ» ይሏት ነበር። ሞተሯ ከኋላ፣ በሮቿ ሁለት፤ አራት ሰው ከገባባት ለትንፋሽ ቦታ አይተርፍም። ጠዋት ጠዋት ብርድ ሲሆን አልነሣም ትላለች። ያኔ ባልየው መሪው ላይ ይሰየምና «ፍሪሲዮን የማያውቅ ሰው መሪ አይዝም» ይላል። ሚስቱ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላ ትገፋለች፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆናም ገፍታለች። ሞተሩ ሲነሣ ጭሱን ፊቷ ላይ ይተፋል፣ እሱ በመስኮት እጁን አውጥቶ ያውለበልብላትና ወደ ሥራው ይሄዳል።

ቢሆንም እንክብሏን ትወዳት ነበር። ባሏ የስልክ ሠራተኛ ስለነበር መስመር ለመዘርጋት በመሥሪያ ቤቱ መኪና ከከተማ ሲወጣ፣ እንክብሏ ደጅ ቆማ ትቀራለች። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው ታላቅ ወንድሟ ይህን አይቶ በሦስት እሑድ ኳስ ሜዳው ላይ መንዳት አስተማራት። «ይቺ እንደ ፍየል ናት» አላት። «ከጎተትሻት እግሯን ትተክላለች፤ ፈታ ካደረግሽላት ትከተልሻለች።» ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ልግዛ ብላ ይዛት ትወጣ ጀመር። ፀሐይ ያሞቀው የወንበሩ ቆዳ ሽታ፣ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ከጀርባዋ እንደ ስፌት መኪና የሚንቶሰቶሰው ሞተር፣ ቁልቁለቱ ላይ ነጠላዋን ከትከሻዋ የሚገፋው ነፋስ፤ ማንም «የት ነሽ?» የማይላት እነዚያን ሰዓታት ብቻ ነበር። ለባሏ ግን አልነገረችውም። መንጃ ፈቃድም አልነበራትም።

አሁን ባልየው ስለ እንክብሏ ቀለም፣ ስለ ነዳጅ ቆጣቢነቷ፣ በሸጣት ቀን ስላፈሰሰው እንባ ያወራል። ሚስቱ ያን ቀንም ታስታውሳለች። ሳያማክራት ሸጦ፣ እያፏጨ ነበር የገባው። ጋዜጠኛዋ የድሮ ትንንሽ መኪና የነበራቸውን ሰዎች ትዝታ በየሳምንቱ የምታቀርብ ጨዋ ልጅ ናት። ወደዚህ ቤት ያመጣቻት ጓደኛዋ፣ የነዚህ ባልና ሚስት አንድያ ልጅ ናት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ። አባቷ ጎን ተቀምጣ እንደ ሕፃን እጁን ይዛዋለች።

«ያቺን የዝናቡን ቀን ንገራት እንጂ አባዬ» አለችው።

ልብስ ሰፊዋ ኮሌታውን ጭኗ ላይ አኖረችው።

ባልየው አውራ ጣቱን ላሰና ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቺ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። ትኩሳቱ አንቀጠቀጣት፤ ዓይኗ ተገለበጠ። ሰማዩ ተቀዷል፤ ድልድዩን ጎርፍ ውጦታል። የጭነት መኪና እንኳ አልደፍርም ብሎ ቆሟል። እኔ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ነዳጁን ሳልለቅ፣ ቀስ ብዬ... እግሬ ድረስ ውኃ ገብቷል።»

«ሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳትለቂ።» ያ ምክር የወንድሟ ነበር። ባሏ የሰማው ደግሞ ከእሷ አፍ ነው፣ ውኃው ውስጥ ሳሉ ለራሷ ደጋግማ ስትለው።

ያን ቀን የሆነው ሌላ ነው። ባልየው መሪውን እንደያዘ ድልድዩ አፋፍ ላይ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ጠፋበት። በሦስተኛው ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ «አልችልም፣ አልችልም» እያለ ማልቀስ ጀመረ። የልጅቷ ከንፈር ጠቁሯል። እናትየው ወርዳ በሩን ከፈተችና «ተነሥ» አለችው። ተነሣ። ልጅቷን ታቀፈ። ሚስቱ እንክብሏን አስነሥታ ጎርፉ ውስጥ ስትገባ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ የሆስፒታሉ በር ላይ እስኪደርሱም አልገለጠም።

ከመኪናዋ ወርደው ሲገቡ የሆስፒታሉ ዘበኛ ልጅቷን እየተቀበላቸው ድልድዩን ማን እንዳሻገራት እየተገረመ ጠየቀ። እናትየው ወደ ባሏ ዞር አለች። ረጥቦ፣ ተንዘፍዝፎ፣ መሬት መሬቱን ያያል። አሳዘናት። ፈቃድ የሌላት መሆኑም ትዝ አላት። «አባቷ ነው» አለች። ያችን ውሸት በገዛ እጇ ሰፍታ አለበሰችው።

መጀመሪያ መጀመሪያ ሰው ፊት ሲያወራው እሷ ከገባች ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዝቅ ማድረጉን ተወ። ከዚያ በየዓመቱ ጥልፍ ይጨምርበት ጀመር። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እሱን ግን አድምቆት ነበር። ልጃቸው በዚህ ወሬ አደገች፤ ትምህርት ቤት ስለ አባቷ ጻፊ ስትባል የጻፈችው ይህንኑ ነው። እናትየው ሁሉንም ችላው ኖራለች።

«ባለቤትዎስ? አብረው ነበሩ?» አለች ጋዜጠኛዋ።

«እሷማ!» ባልየው ሳቅ አለና የብስኩት ፍርፋሪ ከአፉ ተፈናጠረ። «እሷማ ጎርፉን ስታይ ራሷን ስታ ኋላ ወንበር ላይ ተዘርራለች። በአንድ እጄ መሪ፣ በአንድ እጄ እሷን በጥፊ ማንቃት ነበር ሥራዬ።»

ልጅቷ ሳቀች። ጋዜጠኛዋም ሳቀች።

ልብስ ሰፊዋ ኮሌታውን ከጭኗ አነሣችው። አፏን የሞላው ምራቅ፣ የበሰበሰ ነገር እንደነከሰ ሰው፣ የሚዋጥ አልሆነም። ይህ አዲስ ነበር። እስከ ዛሬ ሥራዋን ብቻ ነበር የወሰደባት፤ ዛሬ የራሱን ፍርሃት አውልቆ እሷን አለበሳት። ተነሥታ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

ባልየው አያት። ጺሙ ላይ ፍርፋሪ ተለጥፏል፤ ከንፈሩ በብስኩቱ ቅባት ያብረቀርቃል። አልደነገጠም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ፈገግ አለላት።

«እንዲህ አልነበረም እንዴ፣ አንቺ?» አላት።

ፊቱን ፈተሸችው። ይለምነኛል ብላ ነበር፤ የሚለምን ዓይን አላገኘችም። ከልቡ ያመነበት ሰው ነው። ይህ ከውሸቱ ይልቅ ቀፈፋት። ከሱ ጋር ደግሞ ራሷም ቀፈፈቻት፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር በዝምታዋ ያሰባችው እሷ አይደለችም?

ጋዜጠኛዋ መቅረጫውን ወደ እሷ አዞረች። «እትዬ፣ እርስዎስ? ስለ እንክብሏ አንዲት ትዝታ ይንገሩኝ።»

«እሷን መኪና ያጥወለውላታል» አለ ባልየው፣ ቀጣዩን ብስኩት እያነሣ። እጁ በእርጅና ይንቀጠቀጣል። ድሮ ይህን እጅ አይታ አዝና ነበር። ዛሬ ብትፈልግ ብትፈልግ ከሆዷ የሚወጣ ሐዘን አጣች።

የመቅረጫዋ ቀይ መብራት ትበራለች። አሁን ብትናገር ከተማው ሁሉ ይሰማል፤ ባሏ ከእንግዲህ ከደጅ አይወጣም። ልጇ ደግሞ አባቷን፣ የማታውቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በሬዲዮ ታጣዋለች። ልጇን አየቻት። አሁንም እጁን እንደያዘች ነው።

«ለሬዲዮ የሚሆን የለኝም፣ ልጄ» አለች ለጋዜጠኛዋ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺ ግን ቦርሳሽን ያዢ። በእግራችን ወጣ እንበል።»

«አሁን? አባዬ እኮ ገና አልጨረሰም።»

«እሱ ይጨርስ። የምነግርሽ ነገር አለ።»

ባልየው ማላመጡን አቆመ። ምን እንደሆነ ጠየቃት። ከእንግዳዋ ፊት ምን የሚያስደብቅ ነገር እንዳለም ጠየቃት፤ ድምፁ እንደ ድሮው ዝቅ ብሏል።

«አንተ ለሕዝቡ ንገር» አለችው። «አልከለከልኩህም።»

ልጅቷ ከእናቷ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ እናቷ በዓይኗ ተመላለሰች። ከዚያ እጁን ቀስ ብላ ለቀቀችና ተነሣች።

ደጁን አልፈው እስከ ጥጉ ድረስ ሄዱ። አንዲት መንገድ ጠራጊ አቧራውን ጠርጋ እስክታልፍ ቆሙ። ልጅቷ የእናቷን ክንድ ያዝ አደረገች። «ምንድን ነው እማዬ? አስፈራሽኝ እኮ።»

ልብስ ሰፊዋ ዘንግታ ጣቷ ላይ የተወችውን የስፌት ቀለበት አውልቃ ኪሷ ከተተች።

«ያን ቀን ራሴን አልሳትኩም» አለቻት።