ያጠፋሁት ሌየር

ሐሙስ ጠዋት ፕሮግራሙ ለአምስተኛ ጊዜ ሲዘጋብኝ ስክሪኑን በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም። ፕላኑን እከፍታለሁ፣ ወደ ፒዲኤፍ ቀይር እለዋለሁ፣ ሰማያዊው መስመር እስከ ግማሽ ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ ድርግም። ይቅርታ እንኳ አይጠይቅም። የምሠራው የሕንፃ ፕላን ነው። መሐንዲሱ ያሰላሉ፣ እኔ መስመር በመስመር አወጣለሁ፣ እሳቸው ይፈርማሉ፤ ሳይት ላይ ሠራተኛው በእጁ የሚይዘው ወረቀት ከዚያ ፒዲኤፍ የታተመው ነው። ፒዲኤፍ ከሌለ ሥራም የለም።

መሐንዲሱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከጀርባዬ መጥተው ቆሙ።

«የዛሬ ወር ተኩል ገደማ እንዲሁ አስቸግሮሽ አልነበር? ያኔ በምን ዘዴ ገላገልሽው?»

ዘዴውን ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ ነኝ ያመጣሁት። ፕላን ሲታይ አንድ ሥዕል ይመስላል እንጂ ብዙ ስስ ወረቀት እንደተደራረበ ነው። ግድግዳው በአንድ ሌየር፣ ልኬቱ በሌላ፣ አርማታው ውስጥ የሚቀበረው ብረት፣ ፌሮው፣ ደግሞ ለብቻው። ከእያንዳንዱ ሌየር አጠገብ ትንሽ የአምፖል ምልክት አለች፤ እሷን ካጠፋኋት ሌየሩ ከስክሪኑም ከወረቀቱም ይሰወራል። ፕሮግራሙ ሲያምፅ ሌየሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋሁ እሞክራለሁ። የትኛው ሲጠፋ ፒዲኤፉ ከወጣ፣ ነገረኛው እሱ ነው። ከዚያ የተበላሸውን አስተካክልና አምፖሉን መልሼ አብርቼ እንደገና አወጣዋለሁ። መቼም እኔ በዚህ ዘዴ የምኩራራውን ያህል ሰው በልጁም አይኩራራም።

ያኔ ነገረኛው የትኛው እንደነበር ለማየት የዚያን ጊዜውን ፋይል ከፈትኩት። ባለ ሦስት ፎቅ መኖሪያ ቤት ነው። ዓይኔን በሌየሮቹ ዝርዝር ላይ ቁልቁል አወረድኩት። አምፖሎቹ ሁሉ በርተዋል፣ ከአንዷ በቀር። «የበረንዳ የላይ ፌሮ» ይላል።

ክው አልኩ። የለም፣ አብርቼው ልኬ ኋላ ላይ በስህተት ነክቼው ይሆናል ብዬ ራሴን አባበልኩ። የላክሁትን ፒዲኤፍ ከኢሜይሌ ፈልጌ ከፈትኩት። ሰባተኛው ገጽ ላይ በረንዳው ከጎን ተቆርጦ ይታያል። ከሥር ቀጫጭን ፌሮ አለ። ከላይ ባዶ ነው።

በረንዳ ከግድግዳ ወጥቶ አየር ላይ የሚንጠለጠል ነገር ነው። ወደ ታች ሲጎተት የሚወጠረው ላዩ ስለሆነ፣ ሸክሙን የሚይዘው ከላይ የሚተኛው ፌሮ ነው። እሱ ከሌለ የተጋገረ አፈር በለው። ያኔ ሁለት ቀን ሙሉ ስታገለው ቆይቼ፣ የሳይቱ ፎርማን በስልክ ሲጨቀጭቀኝ፣ ፒዲኤፉ ድንገት ሲወጣ እሰይ ብዬ የሙከራውን ቅጂ ነው አስፈርሜ የላክሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። ይሄ ግን የሚለቀም ነገር አልነበረም።

አርማታው ከተሞላ አራት ሳምንት ሆኖታል። እስኪጠነክር ድረስ ከሥሩ በእንጨት ባላ ተደግፎ ነበር የቆየው። ባላው የሚነቀለው ዛሬ ነው። ይህን ያወቅሁት ከወረቀት አይደለም። ጠዋት ታናሽ ወንድሜ በር ላይ የጫማውን ክር እያሰረ «ዛሬ ባላ ነው የምንነቅለው፣ ቀላል ቀን ነው» ብሎኝ ወጥቷል። ፌሮ አሳሪ ነው። እዚያ ሳይት ያስቀጠርኩትም እኔው ነኝ።

ደወልኩለት። ሳይት ላይ ጃኬታቸውን ከነስልኩ ጥበቃው ቤት ሰቅለው እንደሚገቡ አውቃለሁ፣ ግን ደጋግሜ ደወልኩ። ፎርማኑ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም።

«ኢንጂነር፣ በረንዳው የላይ ፌሮ የለውም» አልኳቸው።

«የትኛው በረንዳ?»

«ዛሬ ባላው የሚነቀለው።»

መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አውርደው ስክሪኑን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። የመኪናቸውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሱ።

መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገሩት። «ፊርማው የኔ ነው» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመሪው። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ጥሪውን እየቆጠርኩ ነበር። በየመብራቱ ስንቆም እንደገና እደውላለሁ። መዶሻው ሲያርፍ፣ ባላው ሲወድቅ፣ ወንድሜ ቀና ሲል ይታየኛል። «የፈሩት ይደርሳል» ያለውን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በልቤ ስረግመው ነበር።

መዶሻው ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ ይሰማ ነበር። መኪናው ሳይቆም ወረድኩ። ከአንደኛው ፎቅ በረንዳ ሥር ከነበሩት ስምንት ባላዎች አምስቱ መሬት ላይ ተጋድመዋል። ስድስተኛውን ወንድሜ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ እየመታው ነው።

በስሙ ጠራሁት፣ አልሰማኝም። ደግሜ ጠራሁት። የአርማታ ማቡኪያው ድምፄን ዋጠው። ከዚያ እንዴት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ቤት ውስጥ ብቻ የምንጠራው የልጅነት ስሙ ከአፌ ወጣ።

«ድምቡሼ! ና ወደዚህ!»

በሕፃንነቱ ጉንጩ ሙሉ ስለነበር የወጣለት ነው፤ ዛሬ እሱ ራሱ ከሚያስረው ፌሮ አይወፍርም። በሰው ፊት በዚያ ስም ከጠራሁት ዳግመኛ ላያናግረኝ ከማለ ቆይቷል። ሠራተኞቹ ሰምተው በሳቅ ፈነዱ። እሱ ፊቱ ደም መስሎ ዞረና፣ ሊቆጣኝ መዶሻውን እንደያዘ ከበረንዳው ሥር ወጣ።

ክንዱን ጨምድጄ መንገድ ማዶ ድረስ ጎተትኩት። መሐንዲሱ ሌሎቹን ሠራተኞች እያስወጡ ፎርማኑን ይዘው ወደ ፎቅ ወጡ። ቶሎ አልወረዱም። መሐንዲሱ መነጽራቸውን እያወለቁ ተመለሱ።

«ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ጥፍሬ ይገባል። ማንም ከሥሩ እንዳያልፍ።»

ቀሪዎቹ ሦስት ባላዎች ብቻ ነበሩ በረንዳውን የያዙት። የእግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ወንድሜም አጠገቤ ተቀመጠ። ቁጣው የት እንደገባ አላውቅም።

«አንተ እኮ አሥር ዓመት ፌሮ አስረሃል» አልኩት። «በረንዳ ያለ ላይ ፌሮ ሲሞላ እንዴት ዝም ትላለህ?»

«አይቼዋለሁ።»

«ምን?»

«ሁላችንም አይተነዋል፣ እትዬ። ፎርማኑ እንደውም ገርሞት ደውዬ ላጣራ ብሎ ስልኩን አውጥቶ ነበር።» መዶሻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። «እኔ ነኝ የከለከልኩት። ወረቀቱ ጥግ ላይ ስምሽን አሳየሁትና፣ እህቴ ናት የሠራችው፣ እሷ ከተወችው የምታውቀው ነገር አለ፣ ደውለህ አታሳፍረኝ አልኩት።»

ፎርማኑ ከወዲያ ማዶ ቆሞ ያየናል። እኔ ግን የወንድሜን ክንድ አልለቀቅሁም።