ሳያስቡ የሚነገር ምሳሌ

ሰው «ቅሪ» ሳይባል እንዴት ይቀራል? ቁንጫ ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ስታመላልሰው ዋለች። ቁንጫ ያላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም። ባሕር ማዶ ተምራ የተመለሰችው፣ አባታቸው ሳይጨርሱት የሞቱትን የተማሪዎች የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ከወንድሟ ጋር ልትጨርስ ነበር። አሁን ደግሞ እዚያ የተማረችበት ኮሌጅ በአስተማሪነት ሊቀጥራት ጠርቷታል፤ እስከ ማታ መልስ ይፈልጋል። ቁርስ ላይ ስትነግረው ወንድሟ «ጥሩ ነው» ብሎ ዳቦውን ቆረሰ። በቃ።

የደረሱት «ራን» የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ነው። መሮጥ ብቻ ስትመስላቸው ቆይታ ጉድ አፈላች፤ ወንዝ ሲፈስም እሷ፣ ሞተር ሲሠራም እሷ፣ ሱቅ ሲተዳደርም እሷ፣ ሰው ለምርጫ ሲወዳደርም እሷው።

አባታቸው ያወጡት ደንብ አለ። ምሳሌ ከመጽሐፍ አይቀዳም። አንዱ ፍቺውን ይጠራል፣ ሌላው ሳያስብ አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል፤ የተነገረው ይጻፋል።

«ውኃ ሲፈስ» አለ ወንድሟ።

«ቧንቧው ሲፈስ አደረ።»

«ማን ከፍቶት?»

«አንተ ነሃ ጋሼ!»

«አፍሽን ያዢ። አፍንጫ ሲሆንስ?»

«ዳኛው ፍርድ ሲያነብ ንፍጡ ወረደ።»

ወንድሟ ከት ብሎ ሳቀ። «የሰው ልጅ ልታበላሺ ነው! ኧረ ቁጭ በዪ፣ ወለሉን ጨረሽው እኮ።»

አልተቀመጠችም። መጥራቱ የእሷ ተራ ነበርና፣ ከቀሩት ፍቺዎች አንዱን ሆን ብላ መረጠች።

«ጥሎ መሄድ፤ መኮብለል።»

ወንድሟ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ሌባው ፖሊስ ሲያይ ሮጠ።»

«ከመጽሐፍ ቀዳህ!»

«ማን? እኔ?»

«በአባባ አጥንት አትዋሸኝ! መጀመሪያ አፍህ ላይ የመጣው ሌላ ነው።»

«እሱ አይጻፍም።»

«አልጽፈውም፤ ልስማው ብቻ።»

«ልብስ ሰፊው ሳይዘጋ ሱሪዬን ላምጣ» አለና ኮቱን አንስቶ ወጣ።

ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ተመላለሰች። ሱሪ ለማምጣት ይህን ያህል አይቆይም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልቧ አልችል አለና ስልኳን አነሳች፦ «ጋሼ፣ ኮሌጁ እየጠበቀኝ ነው። አትሂጂ ካልከኝ አልሄድም።»

መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳያት። መልስ ግን ያን ዕለትም ሆነ ወደ ኮሌጁ ከሄደች ወዲያ አልመጣም።