አስለቃሽ እንግዶች

በኦሎና ቤት፣ በሟቿ በዱሊ ወገኖች ዘንድ፣ የሚነገረው እንዲህ ነው። ዱሊ በሞተች ቀን ባሏ ሃባሎ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰም። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መጥረቢያውን ይስል ነበር። በመጨረሻም ተነሣና፣ «የቆረጥነው የሳጎ ግንድ ሳይበላሽ ለዱቄቱ ልፋቀው» ብሎ ጫካ ገባ። የሚስቱ ሬሳ ሳይነሣ ስለ ምግብ የሚያስብ ምን ዓይነት ሰው ነው? ወይ አልወደዳትም፣ ወይ ስለ አሟሟቷ የሚያውቀው ነገር አለ።

በሱሉ ቤት፣ በራሱ በሃባሎ ወገኖች ዘንድ የሚነገረው ደግሞ ሌላ ነው። ሃባሎ ጫካ የገባው ሳጎ ሊፍቅ አልነበረም። ዱሊ በትኩሳት የሞተችበት የእርሻ ጎጆ ድረስ ሄዶ እሳት አነደደ። ጨረቃ ሞልታ፣ ጎድላ፣ ደግማ እስክትሞላ ያ እሳት አልጠፋም። ሙዝ ጠብሰው የወሰዱለት ሰዎች ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጦ በሩን ሲያይ አገኙት፤ ሙዙንም ሳይነካው መለሱት። ያላለቀሰው ማልቀሻ አጥቶ ነው፤ እንባውማ ሞልቶ ነበር።

የዱሊ ታላቅ ወንድም ዋሲዮ ሁለቱንም ሰምቷል፤ ግን ለየትኛውም መማል አይችልም። መጥረቢያው ሲሳል በዓይኑ አይቷል። ሃባሎን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ትንንሽ ሳሉ አንድ የወንዝ ሸርጣን ለሁለት ተካፍለው በልተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በስም ተጠራርተው አያውቁም። «የኔ ሸርጣን» ነው የሚባባሉት። እንደዚያ የምትጠራውን ሰው በእህትህ ሞት መጠርጠር ከባድ ነው። የኦሎና ወንዶች ግን መጠርጠር ጀምረዋል። ለሱሉ ልጅ መዳር ይቅርብን የሚሉ ተነሥተዋል፤ ከዚያ የባሰ ነገር በልባቸው የያዙም አሉ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ሱሉዎች አሣማ አርደው የኦሎናን ሰዎች ጠሩ። ኑና ጊሳሎ፣ የሙታኖቻችንን ዘፈን፣ ዝፈኑልን፤ ኑና አስለቅሱን አሉ። ዘፋኝነቱም ለዋሲዮ ደረሰ።

በግብዣው ቀን፣ ከሱሉ ቤት በታች ባለው ጅረት ዳር፣ አጎቱ ቤሊ ቀይ አፈር ይቀባው ነበር።

«ዝም ብለህ ቁም እንጂ! ምን እንደ ሙሽራ ያሽኮረምምሃል?»

«ቀስ በላ አጎቴ! ትከሻዬን ልትልጠው ነው እንዴ?»

«እኔ ካልላጥኩት ማን ሊልጥልህ? አምና ዘፍነህ አንዲት ፍንጣሪ እንኳ ሳትነካህ ተመለስክ። ሴቶቹ እስከ ዛሬ ‹ለስላሳው› ነው የሚሉህ።»

ሌሎቹ ወንዶች በሳቅ ፈረሱ። ዋሲዮም ሳቀ፤ ግን ነገሩ አንጀቱ ውስጥ ገባ። ዘፈኑ ያስለቀሰው ሰው የዘፋኙን ትከሻ በችቦ ያቃጥላል፤ ማንም ሳያቃጥለው ከነጋ፣ ዘፈኑ የማንንም ልብ አልነካም ማለት ነው።

ሳቁ ሳይበርድ ሃባሎ ከቁጥቋጦው ውስጥ ብቅ አለ። በደንቡ ጋባዦች እንግዶች የሚያጌጡበት ቦታ አይመጡም።

«የኔ ሸርጣን» አለ ሃባሎ፣ «ጉሮሮህን በኔ ላይ አታድክመው ልልህ ነው የመጣሁት። ላካ ከባሕር ዳርቻ ለኮኮናት እርሻ ሰው ሊመለምል መጥቷል። ስሜን ሰጥቼዋለሁ። ነገ ጧት እንሄዳለን።»

«መቼ ትመለሳለህ?»

«ለማን ብዬ?»

ቤሊ አፈር የያዘ እጁን ጭኑ ላይ ጠረገ። «ሳታለቅስላት ከሄድክ የኦሎና ሰው ምን እንደሚልህ ታውቃለህ?»

«እኔማ ያልሞከርኩ ይመስላችኋል?» አለ ሃባሎ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ በመጣበት ተመለሰ።

ሲመሽ የሱሉ ወገን ሁሉ አብሮ የሚኖርበት ረጅሙ ቤት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላ። የሙጫ ችቦ የያዙ ጎረምሶች ግራና ቀኝ ቆሙ። ዋሲዮ የካሶዋሪ ወፍ ላባ ደፍቶ፣ የዘንባባ ቅጠል ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ለብሶ መካከል ገባ። ጀርባው ላይ የታሰሩት ዛጎሎች በረገጠ ቁጥር ሻ... ሻ... ይላሉ። ማንንም አያይም፤ አንገቱን ደፍቶ፣ በአንድ ቦታ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ለራሱ የሚያወራ በሚመስል ድምፅ ጀመረ።

ዘፈኑ መንገድ ነው። ከሱሉ ደጃፍ ይነሣል፣ የወደቀውን ዛፍ ይሻገራል፣ ጋሊ ወንዝ ይደርሳል።

«በጋሊ ዳር ርግቢቱ ትጣራለች፤
ዓሣ አጥማጅ የለም፣ ማንን ትላለች?»

ዋሲዮን ዘወትር የሚያስደንቀው ይኸ ነበር። ጋሊ ልጆች ውሃ ቅዱ ሲባሉ የሚጠሩት ስም ነው። ቀን ቢጠሩት ማንም ዞር ብሎ አያይም። በዜማ ሲመጣ ግን በዚያ ዓሣ ያጠምድ የነበረው ሟች ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ መረቡን ሲያራግፍ ይታያል። እሱ የሚያውቀው የውሃውን ስም በዜማ ማሰር ብቻ ነው፤ የሚፈታው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ እንጃ። ከጨለማው ውስጥ የሃባሎ አክስት እማማ ፎኖላ፣ «ወይኔ ባሌ! ወይኔ መረብህ!» ብለው ጮኹ። ወዲያው የእማማ ፎኖላ ልጅ እያለቀሰ ችቦ ነጥቆ ሮጠና ነበልባሉን ዋሲዮ ትከሻ ላይ አጠፋው። ለምን አስታወስከን ማለቱ ነው፤ እንኳንም አስታወስከን ማለቱም ነው። የቆዳ ሽታ ሸተተ። ዋሲዮ ከፍ ዝቅ ማለቱን አላቆመም። መሸሽ ቀርቶ ትከሻውን እንኳ አላነቃነቀም።

ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሄደ። አንዱ በእናቱ የሳጎ ቦታ፣ አንዱ ከወንድሙ ጋር ባደነበት ገደል ያለቅሳል። ያለቀሰው ያቃጥላል፤ ያቃጠለው ወደ ደጅ ወጥቶ ይነፋረቃል፤ ተነፋርቆም ተመልሶ ፊት ለፊት ቦታ ይሻማል። የዋሲዮ ትከሻ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለራሱም ጠፋው። ሃባሎ ግን ከመካከለኛው ምሰሶ ሥር እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ፊቱ ዱሊ በሞተች ቀን እንደነበረው ነው። የኦሎና ወንዶች ከቤቱ ጫፍ ሆነው የሚያዩት እሱን ብቻ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ዋሲዮ እስካሁን ያቆየውን መንገድ ጀመረ። ወደ ዱሊ ጎጆ የሚወስደውን። ያንን መንገድ የሄደበት አንዴ ብቻ ነው፤ እህቱ በበጋ ጠርታው። በዘፈኑ ፎሎ ጋራን ወጣ፣ የዳቦ ፍሬውን ዛፍ አለፈ፣ ከዚያ በቀጥታ ጎጆዋ በር አጠገብ ደረሰና ዜማውን ገታ አደረገ።

«አይደለም!»

ዛጎሎቹ ብቻ ሻ... አሉ። ዘፋኝን አቋርጦ የሚናገር ሰው በሱሉም በኦሎናም ታይቶ አይታወቅም።

«በዚያ አይደለም» አለ ሃባሎ። ከምሰሶው ተላቅቆ ነበር። «ከዛፉ ወደ ጎጆው በቀጥታ አይወጣም። ውሃ አለ። በክረምት ብቻ የሚፈስ ትንሽ ምንጭ። ሚሲኒ ይባላል። ዘለልከው! እግሯን ሳትታጠብ አልፋው አታውቅም... ሁልጊዜ... ‹በጭቃ እግርህ ቤቴ እንዳትገባ› እያለች...»

ዋሲዮ ኀፍረቱ ከእሳቱ ይልቅ አቃጠለው። በሰው አገር የሰው ውሃ ዘለለ፤ ለዘፋኝ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። እግሩ ግን ከፍ ዝቅ ማለቱን አልተወም፤ አፉም ሳያማክረው ስሙን አነሣው።

«ሚሲኒ፣ ሚሲኒ፣ ዝናቡ መጥቷል፤
ውሃሽ ሞልቶ ሳለ የማን እግር ቀርቷል?»

መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ የሰው አልመሰለም። ዛፍ ሥሩ ሲነቀል እንደሚያሰማው ነበር። ሃባሎ ተደፍቶ ወለሉን በሁለት እጁ ደበደበው። «ወይኔ ዱሊ! ወይኔ እግሮችሽ!» ሲል እማማ ፎኖላ ተከተሉት፣ ቤቱ ተከተለ። ማልቀስ የማይገባቸው የኦሎና ሰዎች እንኳ፣ አስለቃሾቹ ራሳቸው፣ ፊታቸውን ሸፈኑ። ቤሊ ጮክ ብሎ አነባ።

ሃባሎ ተነሣ። ከሁሉ የሚበልጠውን ችቦ ነጠቀ። ዋሲዮ የመጣበትን ፊት በዚያ ብርሃን በቅርብ አየው፤ እርጥብ ነበር፣ አፉ እንደ ሕፃን ተከፍቶ ነበር፣ ደግሞም በሆነ መንገድ የዳነ ሰው ፊት ነበር። ችቦው ትከሻው ላይ ሲወርድ ዋሲዮ ሕመሙን ተቀበለ። ይህን ሁሉ ያመጣች አንዲት ስም ናት። ያቺን ስም ደግሞ እሱ አያውቃትም ነበር።

ነጋ። ውጪ በረንዳው ላይ ቤሊ የዋሲዮን ቁስል በቅጠል እየሸፈነ፣ «ለስላሳው! እስቲ አሁን ማን ለስላሳ ይልሃል?» ይላል፤ ዓይኑ ግን ገና ቀይ ነው። መልማዩ ላካ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ እማማ ፎኖላን እብድ እንደሚያይ ሰው ያያቸዋል።

«እማማ፣ እኔ ዛሬም አልገባኝም። ሰው ጠርታችሁ አሣማ ታበላላችሁ፣ እሱ ደግሞ ሲያስለቅሳችሁ ያድራል። ከዚያ ታቃጥሉታላችሁ። ደስ ይላችኋል?»

«ደስ አይልም እንዴ?» አሉ እማማ ፎኖላ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «እናንተ አገር ሰው ሲሞት ማን ያስለቅሳችኋል?»

«በራሳችን ነው የምናለቅሰው።»

«በራስህ!» ሳቁ። «ብቻህን ግንድ ተሸክመህ ታውቃለህ፣ ልጄ? ያልተሸከምከው ጫፍ መሬት ይጎተታል።»

ሃባሎ ከጅረቱ መጣ። ፊቱን ታጥቧል፤ ዓይኖቹ አብጠው ሊዘጉ ደርሰዋል። የኦሎና ወንዶች አንድ በአንድ መንገድ ለቀቁለት። ቤሊ እንደ ደንቡ ለእንባው ካሣ የሚሆን የዛጎል ድሪ ሰጠው፤ እሱም ተቀብሎ አንገቱ ላይ አሰረው።

«ሃባሎ፣ ጀልባው አይጠብቀንም» አለ ላካ። «ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?»

ሃባሎ መልሱን ለላካ አልሰጠውም። ወደ ዋሲዮ ዞረና፣ በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ፦

«አልሄድም። የምትቀጥለዋ ጨረቃ ስትሞላ ኦሎና እመጣለሁ፣ እኔው እዘፍናለሁ። የኔ ሸርጣን፣ እስከዚያ ዱሊ በልጅነቷ የረገጠቻቸውን ውሃዎች አንድ በአንድ ታሳየኛለህ፣ በክረምት ብቻ የሚፈሱትንም። እናንተ ደግሞ ችቦ አዘጋጁ፤ ሁላችሁንም አስለቅሳለሁ።»