ዜሮ ያልተጻፈበት በጋ

ማክሰኞ ጠዋት ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር። አራት ከተሞች፣ አንድ ወንዝ፣ ገና ያልተሠራ አንድ ግድብ። ግድቡ በድርቅ ዓመት እንኳ ሳይቋረጥ በሰከንድ 340 ሊትር እንደሚሰጥ አስልቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የእኛ ከተማ 140 ትወስዳለች፣ ሁለተኛዋ 90፣ ሦስተኛዋ 70፣ ትንሿ 40። የግንባታውን ብድር በየድርሻቸው ሠላሳ ዓመት ይከፍላሉ፤ ውኃው ቢመጣም ባይመጣም። ውሉ የሚፈረመው ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

የቀረኝ አንድ አባሪ ብቻ ነበር። ስሌቱ የቆመበትን የድርቅ ዓመት ዕለታዊ የውኃ ልክ ከቀደመው ዓመት ጎን ለጎን አትሜ ውሉ ላይ ማያያዝ። ሁለቱን ዓምዶች አተምኩና ማስመሪያዬን ከላይ ወደ ታች ማንሸራተት ጀመርኩ። 42፣ 42። 41፣ 41። 43፣ 43። ማስመሪያው ወረደ፣ ቁጥሮቹ አልተለያዩም። ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት፣ እንደገና ቆጠርኩ። ስልሳ አንድ ቀን።

ወንዝ የአንዱን ዓመት ቁጥር በሌላው አይደግምም። ይህን ለማንም ተማሪ እነግረው ነበር። ግን ቁጥሮቹ የተጻፉት በአባቴ እጅ ነው፤ ያን ጽሕፈት ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቀው አልመረመርኩትም። አባቴ ድልድዩ ምሰሶ ላይ የተቸነከረውን የመለኪያ ዘንግ ሃያ ስድስት ዓመት፣ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሲያነብ ኖሯል። የግድቡ የመሠረት ድንጋይ የሚጣል ዕለት የምስጋና ወረቀት ሊሰጡት ነው። ለዚያ ብሎ ጫማ ገዝቷል።

ቤቱ ስደርስ በሩን ነቅሎ ታችኛውን ጠርዝ በመላጊያ ይልጋል።

«መጣሽ? ያዢልኝ እስቲ ይቺን።»

«አባዬ፣ የድርቁ ዓመት በጋ ላይ ወንዙ ስንት ነበር?»

«ደብተሩ ላይ አለ።»

«ደብተሩ ላይ ያለው የቀደመው ዓመት ነው።»

መላጊያው ቆመ። ፍቅፋቂውን ከጉልበቱ ላይ አንድ በአንድ አራገፈ።

«ከእኔ በላይ ያለውን ዘንግ ያነብ የነበረውን፣ ጢሞን፣ ታስታውሺዋለሽ?»

«አስታውሰዋለሁ።»

«አሥራ አንድ ቀን ዜሮ ጻፈ። መሥሪያ ቤቱ ‹ዜሮ ማለት አልወረድክም ማለት ነው› ብሎ የአሥራ አንድ ቀን ደመወዝ ቆረጠበት። እኔ ደግሞ በየቀኑ ወርጃለሁ። ውኃው ከዘንጉ ሥር ሸሽቷል፣ እኔ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆሜያለሁ። ምን ልጻፍ?»

«ዜሮ!»

«ዜሮ ብጽፍ ያልሄድኩ ነዋ የምመስለው። የሄደ ሰው ቁጥር ይዞ ነው የሚመለስ።»

«እና የቀደመውን ዓመት ገለበጥክ።»

«ከራሴ አንድ ሳንቲሜትር አልጨመርኩም» አለ፣ ቅር ብሎት።

በሩን እንደያዝኩ ቆሜ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ጠፋ። ስልሳ አንድ ቀን ውኃ ያልነበረበትን ወንዝ ውኃ አለው ብዬ ነበር ያሰላሁት።

ቢሮ ተመልሼ ስልሳ አንዱንም ቀን ዜሮ አድርጌ እንደገና ሠራሁት። 285 ሊትር። በሌላ መንገድ ሞከርኩ። 285። ወረቀቱን ይዤ ወደ ፕሮጀክቱ ኃላፊ ገባሁ። ሠራተኛው ሁሉ የሚጠራው «አሁኑኑ» እያለ ነው፤ ሌላ ቃል የሚያውቅ አይመስልም።

«ሐሙስ እኮ ነው ፊርማው! ይፈረም፣ በኋላ እናስተካክለዋለን።»

«ከተፈረመ በኋላ የሚስተካከለው ውኃው ነው ወይስ ክፍያው?»

«አባትሽን በአራት ከተማ ፊት ልታዋርጂ ነው?»

ወንበሩን ሳበልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ረቡዕን ሙሉ በኮሪደሩ ላይ ተመላለስኩ። ደረጃው ሃያ ሁለት እርከን አለው፤ ከዚያ በፊት ቆጥሬው አላውቅም። ማታ ለአባቴ ደወልኩና የስሌት ስሕተት ብቻ ብዬ ላቀርበው እንደምችል፣ ስሙን እንደማላነሣ ነገርኩት።

«ደብተሩ ላይ ያለው የማን ስም ነው?» አለ።

«ያንተ።»

«እንግዲያው ዝም በይ። ሦስት ሰዓት ነው ያልሽው?»

ሐሙስ አዲሱን ጫማ አድርጎ መጣ። ጫማው በየእርምጃው ሲጥ ሲጥ ይላል፤ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እኔ 285ን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ እሱ ተነሥቶ ለምን እንደሆነ ተናገረ። ጢሞን፣ ደመወዙን፣ ድንጋዩን፣ ምንም አላስቀረም።

«ያው ገንዘብ፣ ያነሰ ውኃ!» አለ ከሦስተኛዋ ከተማ የመጣው ሰውዬ። «ለዚህ ነው የጠራችሁን?»

«አሁኑኑ» ግንባሩን ያዘ። የትንሿ ከተማ ተወካይ ፋርማሲስት ናት። እጇን አውጥታ አባቴን ጠየቀችው።

«ስልሳ አንዱንም ቀን ወርደዋል?»

«ስልሳ አንዱንም።»

«ምንም ውኃ አልነበረም?»

«ኩሬ ኩሬ ሆኖ ነበር፣ ከዘንጉ በታች። እንቁራሪቶቹ እንኳ ቤት ለቀው ነበር።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«እኔ ጋ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ባዶ ተብሎ ይጻፋል። አለዚያ የሚመላለሰው በሽተኛው ነው» አለችው። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች፤ «ከ285ቱ የእኛ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሦስት ተኩል።»

«ሠላሳ ሦስት ተኩሉን አምኜ ስድስት ተኩሉን ሊትር ከሌላ ጉድጓድ እፈልጋለሁ። አርባ ብላችሁኝ ቢሆን ኖሮ አልፈልግም ነበር።»

የዚያን ቀን ማንም አልፈረመም። አባቴ ከአዳራሹ ሲወጣ ጫማውን እያየ ይራመድ ነበር። የምስጋናው ወረቀት ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሣም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ውሉ በአሥራ አንደኛው ሳምንት በ285 ሊትር ተፈረመ። በንባብ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «ወርጃለሁ፣ ውኃው ከዘንጉ በታች ነው» የሚል ምልክት ማድረጊያ ሣጥን አለው። ጡረተኛው አባቴ አዲሷን አንባቢ እየጠዋቱ በስልክ ያስቸግራታል። «ስንት ነው?» ይላል፤ ትነግረዋለች፤ ይዘጋል።

ግድቡ በተመረቀ በአምስተኛው ዓመት ዝናቡ ቀረ። አንባቢዋ ሣጥኑ ላይ ሃምሳ ሰባት ቀን ምልክት አደረገች። አራቱም ከተሞች ድርሻቸውን ሳይቋረጥ አገኙ። የግድቡ ውኃ ከሁሉ ዝቅ ያለ ዕለት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከማስወጫው ቧንቧ አፍ በላይ ገና 38 ሳንቲሜትር ነበረው።