የግራው ማዞሪያ

ገመዳ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቃቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ የጽሕፈት መኪናው ፊደላትና የሬዲዮኑ ማዞሪያ። ናዝሬት ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ታይፒስት ሆኖ ሲሠራ አንድም ቀን ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን አይቶ አያውቅም። «ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነው፣ ጣቶቼን ማን ያያቸዋል?» ይላል አገጩን ቀና አድርጎ። ሬዲዮኑንም የሚነካው እንደዚያው ነው።

ሬዲዮኑ የሆላንድ ሥሪት ነው። ከሠርጉ በፊት የገዛው ሲሆን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ደፍ ተነሥቶ አያውቅም። በግራ በኩል ያለውን ማዞሪያ እስከ ጥጉ ወደ ግራ ሲመልሱት ቀጭ ይልና ይጠፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ገመዳ ስለዚህ ሬዲዮ ሲያወራ የሰማ ሰው፣ ሰውየው ሆላንድ ተወልዶ ያደገ ይመስለዋል። የጃፓን ሬዲዮ ያንጠለጠለ ሰው ካጋጠመውማ አለቀለት፤ «ይህን ቆርቆሮ ወዴት ይዘኸው ትዞራለህ?» እያለ መግቢያ መውጫ ያሳጣዋል።

በ1970 ዓ.ም. ግን ሬዲዮ የቀልድ ዕቃ አልነበረም። በዚያ ዓመት ናዝሬት ጠዋት በሯን ስትከፍት ደረታቸው ላይ ካርቶን የተለጠፈባቸው ልጆች በየቦዩ ወድቀው ታገኛለች። እናት ልጇን ከሩቅ ትለየዋለች፤ ግን አታለቅስም፤ ማልቀስ ክልክል ነበር። ያለቀሰች እናት ከልጇ አጠገብ ትጋደማለች። ገመዳና ሚስቱ ጫልቱ የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን በቀበሌው ከታሸገ ሰባት ወሩ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹን ለስብሰባ አዳራሽ ወስደዋቸዋል፤ ሽማግሌዎቹን ደግሞ ገርፈዋቸዋል።

እና ምእመናኑ እሑድ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ፣ አንድ አንድ እያሉ፣ ከገመዳ ሳሎን ይሰበሰባሉ። ሬዲዮኑ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ይለቀቃል። ከመንግሥት ጣቢያ የሚመጣው ሰልፍና ፉከራ ጸሎታቸውን ይሸፍንላቸዋል። ለሚመጡትም ምልክት ነው፤ ሬዲዮኑ እየጮኸ ከሆነ ደህና ነው፣ ይገባሉ። ጸጥ ካለ ግን አንገታቸውን ሳያዞሩ ያልፋሉ።

ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ጆቴ ነው። ጆቴ የጫልቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ እናታቸው ስትሞት ጫልቱ ራሷ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። ሁሩታ ሒሳብ አስተማሪ ነበር። ግራ እጅህን አንሥተህ መፈክር አሰማ፣ ሃይማኖትህንም ካድ ሲሉት እምቢ በማለቱ ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግሩን እስኪላጥ ገርፈውታል። ከእስር አምልጦ ከዚያ ወዲህ በአርሲ ገጠር እየተደበቀ፣ ወንጌል እያስተማረ ይዞራል፤ የሚራመደውም እንደ ዳክዬ እየተወላገደ ነው። ዳግመኛ ከተያዘ ግርፋት እንደማይኖር፣ ጥይት ብቻ እንደሚጠብቀው ሁሉም ያውቃል።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ሆላንዱ ድምፁ ሰለለ። ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ድንጋይ ደግሞ ከሱቅ ጠፍቷል። ገበያው ዳር ሬዲዮ የሚጠግነው አምባዬ፣ ለዓመታት በገመዳ ሲቀለድበት የኖረው አምባዬ፣ ቀኑ ደረሰለት።

«ጋሼ ገመዳ፣ ይኸውልህ ጃፓኑ። በአራት ትናንሽ ድንጋይ ወር ያወራልሃል። ለአንድ ሳምንት ሞክረው። ካልወደድከው ሆላንድህ እዚሁ ይጠብቅሃል።»

«እኔ? ቆርቆሮ?»

«አንድ ጊዜ ስማው ብቻ።»

ሰማው። የጃፓኑ ድምፅ ጥርት ያለ ነበር፤ ነጋሪው ከጎኑ የተቀመጠ መሰለው። ገመዳ ፊቱን ለማኮሳተር ሞከረ፤ አልሆነለትም። ዓርብ ማታ ጃፓኑን በብብቱ ይዞ ቤቱ ገባ፤ ቅዳሜን ሙሉ እንደ ልጅ ሲጫወትበት ዋለ። በዚህኛው በግራ ያለው ማዞሪያ ጣቢያ መፈለጊያ ነው። ድምፁ የሚጨመረው በጎኑ ባለች ጥርሳም ጎማ ሲሆን፣ የሚጠፋው ደግሞ አናቱ ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ በመጫን ነው። ለጫልቱም እያሳየ አስረዳት።

ጫልቱ እጇን አጣጥፋ አየችው። «ነገ ጆቴ ይመጣል» አለች። «ሆላንዱን ከአምባዬ አምጣና ነገን በሱ እንለፍ፤ ከነገ በኋላ የፈለግኸውን ሞክር።»

«ሆላንዱ እኮ እስከ መንገዱ አይሰማም አሁን! ይኸ ግን እስከ ባቡር ጣቢያ ይሰማል።»

«እጅህ አልለመደውም፣ ገመዳ።»

«ቀይ ቁልፍ ነው አልኩሽ። ቀይ መለየት ያቅተኛል?»

አላቃተውም። ለነገሩ ጭንቅላቱ ጥሩ አድርጎ ያውቀው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለጭንቅላት የተተወ ይመስል!

እሑድ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ጫልቱ ግቢውን ትጠርጋለች፤ ገመዳ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ መንገዱን ያያል። ጃፓኑ ሰልፉን ያንቧርቀዋል። በድንገት ከጀርባ ካለው ከጎረቤታቸው ከሸዋወርቅ ቤት በር ሲገነጠል ተሰማ። ሸዋወርቅ አንዴ ጮኸች፤ ጩኸቷ መሐል ላይ ተቆረጠ። «አሰሳ ነው! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» የሚል ድምፅ አጥሩን ዘሎ መጣ።

ገመዳ የነበረው ጊዜ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር፤ ጆቴ በመታጠፊያው ብቅ ይል እንደሆን ይፈልጋል። እጁ ወደ ሬዲዮኑ ሄደ። የግራውን ማዞሪያ ያዘ፣ ወደ ግራ ጥግ መለሰው፣ ቀጭታውን ጠበቀ።

ቀጭ የሚል ነገር የለም። ሰልፉ ጠፋ፣ ሽሽ የሚል ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎም ከማዞሪያው ጥግ አንድ የባሕር ማዶ ጣቢያ በማያውቀው ቋንቋ ዘፈኑን ለቀቀው፤ ከሰልፉ ይልቅ ይጮኻል። ገመዳ አሁንም ወደ ግራ አዞረ። እልህ የያዘው ይመስል ደጋግሞ አዞረ። ቀይዋ ቁልፍ ትዝ ስትለው በሩ በእርግጫ ተበርግዶ መርዳሳ ገባ።

መርዳሳ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አዛዥ ነው። በፊት የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ አሁን ሰፈሩ በሙሉ ሲያየው ኮፍያውን ያወልቃል። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ተከትለውታል። ሦስተኛው ጫልቱን ግቢው ውስጥ በደረቷ አስተኝቶ አፈሙዙን ማጅራቷ ላይ ተክሏል።

መርዳሳ ዘፈኑን ሰማ። «ሞቃዲሾ ነው!» አለ። «እኛ ኦጋዴን ላይ እየሞትን አንተ የጠላት ሬዲዮ ታዳምጣለህ?»

«አይደለም፣ ጓድ፣ ላጠፋው...» ገመዳ እጁን ወደ ቀይዋ ቁልፍ ሰደደ።

የጠመንጃው ሰደፍ ጣቶቹ ላይ አረፈ። ሦስቱ ከመስኮቱ ደፍ ጋር ሲደቁ እሱ ራሱ ሰማቸው። በግራ እጁ ሞከረ፤ ሰደፉ በዚህ ጊዜ አፉን አገኘው። ወደቀ። ጥርሱንና ደሙን እየተፋ በክርኑ ወደ መስኮቱ ሲሳብ መርዳሳ ቡትስ ጫማውን አንገቱ ላይ አቆመ።

«ማንም እንዳይነካው! ማስረጃ ነው። ይዝፈን፤ ሰፈሩ ይስማ!» አለ።

ዘፈነ። ገመዳ በቡትሱ ሥር ሆኖ ሁሉንም ሰማው። «ጆቴ፣ እለፍ!» ብሎ ለመጮህ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ደም ብቻ ነው። ጎድኑን ረገጡት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ በኋላ አልቆጠረውም። መንገዱ ላይ የተወላገደ እርምጃ ሲቀርብ ሰማ። ያን እርምጃ ከሺህ ሰው መሐል ይለየዋል። እርምጃው ለአፍታ ቆመ፤ ሬዲዮኑን ያዳመጠ ይመስላል። ከዚያ የግቢው ቆርቆሮ በር ተንቋቋ።

«አካም ኦልተን?» አለ ጆቴ እንደ ልማዱ፤ እንዴት ዋላችሁ ማለቱ ነው። ለእህቱ ከመርቲ ያመጣላትን ብርቱካን በዘንቢል ይዟል።

እህቱን አፈር ላይ ተዘርግታ አየ። ጫልቱ ፊቷን ከአፈሩ ቀና አድርጋ «ሩጥ!» አለችው። ዘንቢሉን ጥሎ ዞረ። በዚያ በተላጠ እግር የት ይደርሳል? መርዳሳ ከመስኮቱ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። ጆቴ ከበሩ አራት እርምጃ ርቆ በቦዩ ውስጥ በግንባሩ ተደፋ። ሦስተኛውን ጥይት አንደኛው ጠባቂ ቀርቦ ጨመረለት። ብርቱካኖቹ እስከ መንገዱ ተንከባለሉ።

ሬዲዮኑ ያላደረገውን ጥይቱ አደረገው፤ ከኋላ ይመጡ የነበሩት ሁሉ ከመታጠፊያው ተመለሱ።

ሬሳው እስከ ሰኞ ቀትር ከቦዩ አልተነሣም። ደረቱ ላይ ካርቶን አደረጉበት። ጫልቱን ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጠው እንድታየው አደረጓት፤ እንባ ከወጣሽ አጠገቡ ነው የምትተኚው አሏት። እንባ አልወጣትም። ጃፓኑንም ማስረጃ ነው ብለው ወሰዱት፤ በኋላ በመርዳሳ ቤት ሲዘፍን ተሰምቷል።

ገመዳ ሦስት ወር ታስሮ ተገርፎ ወጣ። ሦስት ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል ተጣመው ቀርተዋል፤ ከጽሕፈት መኪና ጋር ተለያዩ። ይኸ ሁሉ ግን ቤቱ ሲገባ ከጠበቀው አይብስም። ጫልቱ ምግብ ታቀርብለታለች፣ ቁስሉን ታጥብለታለች፤ አታናግረውም። ሰፈሩ ማውራት ጀምሯል፤ ጆቴ ተገደለ፣ ገመዳ ግን በሕይወት ወጣ፤ ለምን?

አንድ ቀን ተናገረች። «ሬዲዮኑ ሲጮህ እሰማ ነበር። ከበፊቱም አስበልጠህ አስጮኽከው። ነፍስህን ለማትረፍ ወንድሜን ሰጠሃቸው።»

«እጄ ነው የተሳሳተው፣ ጫልቱ። በሆላንዱ ልማድ...»

«ቀይ መለየት ያቅተኛል? ብለኸኝ ነበር።»

ብሎ ነበራ!

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ፣ ጫልቱ ሳትናገር ወጥታ ከአምባዬ ቤት ሆላንዱን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። ከድሮ ቦታው አስቀምጣ ከፈተችው። የሰለለው ድምፅ ሰልፉን ጀመረ። ገመዳ ከመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ አቀርቅሮ ነበር። እሷ ወደ ጓዳ ገባች። ጥቂት ቆየች። ከዚያ በሩን ባላት ጉልበት ሁሉ ደረገመችውና ጮኸች፦

«መጡ!»

ገመዳ ቀና አላለም። ሬዲዮኑንም አላየም። የተጣመሙት ጣቶች ተስፈንጥረው የግራውን ማዞሪያ ያዙ፣ ወደ ግራ ጥግ መለሱት።

ቀጭ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ገመዳ ወደ በሩ ዞረ፤ ከጫልቱ በቀር ማንም የለም። እሷ እጁን ታያለች። እጁ ገና ከማዞሪያው አልተላቀቀም። ጫልቱ መጥታ ከእግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ የተጣመሙትን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ ከሦስት ወር በላይ ታምቆ የኖረው ከሆዷ ወጣ። «ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን ደቃች።

መስኮቱ ክፍት ነው፤ ድምፅዋ መንገዱን ሞላው። አብዮት ጥበቃዎቹ ከመታጠፊያው አይርቁም። ገመዳ ደነገጠና ለቅሶዋን እንዲሸፍንላት ሬዲዮኑን መልሶ ሊከፍተው እጁን ሰደደ።

ጫልቱ እጁን ያዘችው።

«ተወው» አለችው። «ይስሙ።»